ስንቁን ቋጥሮ ነው የመጣው

የዛሬዋ ጠያቂያችን ደብዳቤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላቅርበው፦

«እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ከተገላገልኩ 31 ቀኔ ነው፤ ወንድ ነው፣ ቀኑን ጨርሶ ነው የተወለደው። ያኔ ደክሜ ስለነበር አማቴ ‹ይሄ ቢጫው እንገር ሆዱን ይቆርጠዋል› ብለው ሁለት ቀን እያለቡ ደፉት። በምትኩ ለጋ ቅቤ በጣታቸው አላሱት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉንፋን ሲይዘኝ ‹በጡትሽ ታስተላልፊበታለሽ› ተብዬ አንድ ቀን ሙሉ አላጠባሁትም። ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ የሕፃን በሽታ የመከላከል አቅም የሚገኘው ከእንገር ነው የሚል አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄን ባዶ እጁን አስቀረሁት? ባለቤቴ ‹ልጅ እየታመመ ነው የሚጠነክረው፣ ተይው› ይለኛል። ሲወለድ ክንዱ ላይ የተከተበው ቦታ ሰሞኑን አብጦ መግል ቋጥሯል። በ45 ቀኑ ደግሞ ብዙ ክትባት ባንዴ ይሰጠዋል ብለውኛል፤ አይበዛበትም? በ40 ቀኑ ክርስትና ልናስነሳው ነው። የቤቱ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ስለሆነ ዘመድ ከየአገሩ ይመጣል። ምን ላድርግ? አራሷ ነኝ።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

እንቅልፍ የነሳሽን ነገር ላስቀድም። ልጅሽን ባዶ እጁን አላስቀረሽውም። ስልክሽ ላይ ያነበብሽው ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩ ሌላውን ግማሽ አለመንገሩ ነው። አማትሽ እንገሩን ከመድፋታቸው በፊት፣ ሐኪሙም ምላጭ ከማንሳቱ በፊት፣ ልጁ ገና ማህፀንሽ ውስጥ ሳለ ስንቁ ተቋጥሮለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ የታመምሽውንም የተከተብሽውንም ደምሽ አይረሳም፤ ለየተዋሲያኑ ልክ የተሠራ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ ተዋጊ ፕሮቲን፣ ይዟል። እንግዴ ልጁ ከእርግዝናው አራተኛ ወር ገደማ ጀምሮ ከእነዚህ መካከል አይጂጂ የሚባለውን ዓይነት እየመረጠ ወደ ልጁ ደም ያሻግራል። እንደ ወንፊት የሚያንጠባጥብ እንዳይመስልሽ፤ ተሸክሞ ነው የሚያሻግረው። ትልቁ ጭነት የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ስለዚህ ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ልጅ ደሙ ውስጥ ያለው አይጂጂ ከእናቱ ጋር እኩል ነው፤ አንዳንዴም ከእናቱ ይበልጣል። ያለ ቀናቸው ለሚወለዱት አብዝተን የምንሰጋው ጭነቱ ሳያልቅ ስለሚወጡ ነው። ያንቺ ልጅ ግን ቀኑን ጨርሷል። በምጥ ይምጣ በኦፕራሲዮን፣ ይሄኛው ስንቅ አይጎድልበትም።

በእርግዝና ክትትልሽ ጊዜ የተወጋሽው የቲታነስ ክትባት ትዝ ይልሻል? መርፌው ያረፈው ያንቺ ክንድ ላይ ነው፤ ከተወለደ በኋላ የሚጠብቀው ግን እሱንም ነው። እትብት በቆሸሸ ምላጭ ሲቆረጥ ወይም እበት ሲቀባ የሚገባው መንጋጋ ቆልፍ ስንቱን ጨቅላ ጨርሷል። ደህና ሲጠባ የነበረ ልጅ በድንገት አፉን መክፈት ያቅተዋል፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይገተራል፣ በቀናት ውስጥ ያልፋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የጨቅላ ሕፃናትን ቲታነስ በየወረዳው ከ1000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች ከአንድ በታች ማውረዷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጧል። ንጹሕ አወላለድ ትልቅ ድርሻ አለው። ክትባቱን ግን ሕፃናቱ አልወሰዱትም፤ እናቶቻቸው ናቸው የተወጉላቸው።

ስንቅ ግን ስንቅ ነው፤ ያልቃል። ከእናት የመጣው አንቲቦዲ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጁ የራሱን መሥራት ቢጀምርም አዝመራው ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ነሐሴን ታውቂዋለሽ፤ የአምናው እህል ጎተራው ሥር ደርሷል፣ የዘንድሮው ገና ማሳው ላይ አረንጓዴ ነው። የሕፃን ነሐሴ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ነው። ክትባቶቹ እስከዚያ የማይጠብቁት ለዚህ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ባለበት ዕድሜ ከነሐሴው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሕፃኑ የራሱ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፤ ጠባያቸው ግን ከትልቅ ሰው ይለያል። ዘጠኝ ወር ሙሉ በአንቺ አካል ውስጥ ሲኖር አንቺን መዋጋት አልነበረበትም። ግማሽ አንቺ፣ ግማሽ አባቱ ነውና በተፈጥሮው ብዙው ነገርሽ ለእሱ ባዕድ ነው። ስለዚህ ሴሎቹ መታገሥን ለምደው ነው የወጡት። ያ ትዕግሥት ሲወለድ ወዲያው አይለቀውም። ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ሲገባ የሚሰለፉት ሴሎች ጥቂት ናቸው፣ ወደ ቦታውም ዘግይተው ነው የሚደርሱት፣ ማንቂያውም በደንብ አይጮህም። ትልቅ ሰውን የሚያተኩስ ኢንፌክሽን ጨቅላን ጭራሽ ሊያቀዘቅዘው ይችላል።

በሕፃናት ክፍል ስሠራ የገጠመኝን ልንገርሽ። አንድ የ12 ቀን ሕፃን በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። አያቱ ናቸው ያቀፉት። «ትኩሳት የለበትም፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ከትናንት ወዲህ አላለቀሰም፤ ጡት ብቻ እንቢ አለ» አሉኝ። ጋቢውን ገልጬ እግሩን ስነካው ከእጄ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ ብብቱ ሥር 35 እንኳ አልሞላም። ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከዐሥር ቀን መድኃኒት በኋላ ክፍሉን በለቅሶ እያናወጠ ወጣ፤ በሰው ለቅሶ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ «ጨዋ ልጅ ነው» ሲሉኝ መጀመሪያ የምፈልገው ቴርሞሜትር ነው።

አንቺም አንድ ግዢ፤ ፋርማሲ ታገኚዋለሽ። ብብቱ ሥር 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ መጥባት ከተወ ወይም መጥባቱ ከደከመ፣ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ጠበልና ፌጦም እስኪሞከር አትጠብቂ፣ ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ። ትንፋሹን ደግሞ ረጋ ብሎ ሳለ ሰዓት ይዘሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግመሽ ቁጠሪ፤ አሁንም ያው ከሆነ ተነሺ።

ወደ እንገሩ ልመለስ። ምንም አልቀረበትም ብልሽ ዋሸሁሽ። በእንግዴ ልጁ በኩል የማያልፍ አይጂኤ የሚባል ሌላ አንቲቦዲ አለ። ይሄኛው ሥራው አንጀት ላይ ነው፤ የአንጀቱን ግድግዳ እንደ ልስን ሸፍኖ ተዋሲያን የሚጣበቁበት ቦታ ያሳጣቸዋል። እንገር በአይጂኤ የታጨቀ ነው። ወፍራም መሆኑ፣ ቢጫ መሆኑ፣ በማንኪያ የሚለካ ትንሽ መሆኑም ለክፋት አይደለም፤ የሕፃኑ ጨጓራም ያኔ ከዚያ በላይ አይዝም። አማትሽ የገጠር ልጅ ከሆኑ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ጥጃን እንገር ከልክሎ ያሳደገ ገበሬ ያውቃሉ? የላም እንግዴ ልጅ አንቲቦዲ አያሻግርም፤ ጥጃው ባዶ ደም ይዞ ነው የሚወለደው። በመጀመሪያው ቀን እንገር ካልጠጣ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳል። ለጥጃው የማንነፍገውን ለልጃችን እየነፈግን ኖረናል። ለሁለተኛው ልጅሽ፣ በኦፕራሲዮንም ቢሆን፣ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ላይ እንዲያደርጉልሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

የአሁኑ ልጅሽ ግን አይጂኤ ያገኛል፤ በዚህች ሰዓትም እያገኘ ነው። ከእንገሩ በኋላ ወተቱ ሲሳሳ ክምችቱ ይቀንሳል፣ የሚጠባው መጠን ግን ስለሚጨምር በየቀኑ ይደርሰዋል። ወተትሽ ውስጥ ደግሞ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት በብዛት አለ። መጀመሪያ ስማር ገርሞኝ ነበር፤ እናት ልጇ የማይፈጨውን ምን አደከማት? ለካ የተሠራው ለልጁ ሳይሆን በልጁ አንጀት ለሚኖሩት ደጋግ ባክቴሪያዎች ነው። እነሱ ያንን እየተመገቡ ይበዛሉ፣ ለክፉዎቹ ቦታ ያሳጣሉ፣ ገና የሚማሩትን የሕፃኑን ሴሎችም ወዳጅን ከጠላት እንዲለዩ ያለማምዷቸዋል። በኦፕራሲዮን የሚወለድ ልጅ በማህፀን በር ሲያልፍ የሚያገኛቸው ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ላይ ይጎድሉታል። ልዩነቱ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። የሚያጠብበውም ይኸው ጡትሽ ነው። ስለዚህ እስከ ስድስት ወሩ ውሃም፣ አብሽም፣ የጤና አዳም ውሃም፣ «አቅም ይጨምራል» የሚባል ሽሮፕም አያስፈልገው። ቅቤው አልፏል፤ ሁለት ቀን የላሰው ቅቤ ዕድሜ ልኩን አያበላሽበትም። ሁለተኛ ግን አይሞከር። ካልተፈላ ወተት የወጣ ለጋ ቅቤ ተዋሲያን ይዞ ነው የሚገባው፣ የጨቅላ አንጀት ደግሞ ገና ሳስቶ ነው ያለው፤ ወደ ሳንባም ሊሳሳትበት ይችላል።

ጉንፋን ሲይዝሽ ጡት መከልከልሽ ከሁሉ ያናደደኝ ነው፤ የሆነው የተገላቢጦሽ ስለሆነ። ጉንፋኑን ለልጁ የሚያስተላልፈው ትንፋሽሽና እጅሽ ነው እንጂ ጡትሽ አይደለም። አንቺ ሳይታወቅሽ ገና ምልክቱ ሳይወጣ በፊት በአጠገብሽ ሲተነፍስ ውሏልና ተዋሲያኑ ደርሶት ይሆናል። ሰውነትሽ ያንኑ ጉንፋን መዋጋት ሲጀምር አንቲቦዲ የሚሠሩት ሴሎች ከሳንባሽና ከአንጀትሽ ተነሥተው ወደ ጡትሽ ይጓዛሉ፤ እዚያ ተቀምጠው ለዚያ ለቤታችሁ ተዋሲያን ልክ የሆነውን አይጂኤ ወተቱ ውስጥ ይጨምራሉ። መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ሳለ ነው የከለከሉት። ሌላ ጊዜ ጉንፋን ሲይዝሽ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ አፍና አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ፣ አጥቢ።

ባለቤትሽ «እየታመመ ይጠነክራል» ያለው ለሦስት ዓመት ልጅ ጉንፋን ቢሆን አልከራከረውም ነበር። የአንድ ወር ሕፃን ላይ ግን ሕመም ትምህርት ቤት አይደለም። አንዳንዱ በሽታ ጭራሽ የተማረውን ያስረሳል፤ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከዚያ በፊት ያጠራቀመውን የመከላከል ትዝታ በከፊል ያጣል፣ ለወራት ሌላ በሽታ ሁሉ ይደፍረዋል። መጠንከሩን በክትባት ይማር።

የክንዱ እብጠትም የዚያ ትምህርት ምልክት ነው። ሲወለድ የተወጋው የቲቢ ክትባት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያብጣል፣ ትንሽ መግል ይቋጥራል፣ ይደርቃል፣ ጠባሳ ይተዋል። ታጋሾቹ ሴሎች ሥራ እየጀመሩ ነው። አታፍርጪው፣ ቅባትም ቅቤም አታስነኪው፤ በውሃ ብታጥቢው ግን ግድ የለም። ብብቱ ሥር ትልቅ ዕጢ ካበጠ ብቻ አሳዪው።

በ45 ቀኑ የሚሰጠው ሁለት መርፌና በአፍ የሚጨመሩ ጠብታዎች ናቸው። አንዱ መርፌ ፔንታ ነው፤ ዘጊ አናዳን፣ ቲታነስን፣ ትክትክን፣ የጉበት በሽታ ቢንና ሂብ የሚባለውን ማጅራት ገትርና ሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይይዛል። ሁለተኛው ለሌላ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ነው። ጠብታዎቹ ለፖሊዮና ለሮታ ተቅማጥ ናቸው። መርፌዎቹ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይደገማሉ። ይበዛበታል ወይ ላልሽው፣ ከማህፀን በወጣበት ደቂቃ ቆዳውና አንጀቱ ላይ ከሰፈሩት ባክቴሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ክትባቱ ኢምንት ነው። ደግሞ የአንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ገላ በስኳር ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ሕፃን በራሱ በደንብ ሊለያቸው አይችልም። የሂብና የሳንባ ምቹ ክትባት ያንን ልባስ ሴሎቹ ከሚያውቁት ፕሮቲን ጋር አስሮ ነው የሚያስተምራቸው። የኩፍኙ ግን እስከ ዘጠኝ ወር ይቆያል፤ ያንቺ ስንቅ ገና ደሙ ውስጥ ካለ ክትባቱን ሥራ ሳይጀምር ያጠፋዋል። ስንቁ እስኪያልቅ ነው የሚጠበቀው። በ15 ወሩ ደግሞ ሁለተኛው ይሰጠዋል።

አሁን ክርስትናው። ቀድሞ አንድ ነገር ልመስክር፤ አራስና ሕፃን አርባ ቀን ጓዳ ይቆዩ የሚለው ወጋችን፣ ሰው እንዳያየው ሸፍኑት የሚለውም ጭምር፣ ከቡዳ ያድን አያድን አላውቅም፣ ከትክትክ ግን ያድናል። ችግሩ በአርባኛው ቀን ነው። አርባ ቀን የጠበቅነውን ልጅ አውጥተን መንደሩ ሁሉ እንዲስመው እንሰጣለን፤ ያውም የፔንታው መርፌ ሊሰጠው አምስት ቀን ሲቀረው። ትክትክ ትልቅ ሰው ላይ የቆየ ሳል ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። የአንድ ወር ሕፃን ግን ላይስል ይችላል፤ ትንፋሹ ይቆማል፣ ይጠቁራል። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው መሳምም ቀልድ አይደለም። የዚያ ምች ቫይረስ የጨቅላን ጉበትና አንጎል ያጠቃል።

ጥምቀቱ አያሰጋኝም። ደብረ ብርሃን ማለዳ እንደሚበርድ ለእኔ አትነግሪኝም፤ ሁለት ደረቅ ፎጣና ኮፍያ ያዢ፣ ከውሃው እንደወጣ ጥርግ አድርገሽ ደረትሽ ላይ ልጥፍ አድርጊው፣ ነጠላውን ከላይ ደርቢ። የሚያሰጋኝ ድግሱ ነው። ድንኳኑ ውጭ ይሁን፣ ልጁ መኝታ ቤት ይሁን። ቡናውም እጣኑም ከሰሉም እሱ ካለበት ክፍል ይራቅ፤ ጭስ የሕፃንን የአየር ቧንቧ ይጎዳል። የሚያቅፉት እናንተ፣ የክርስትና አባቱና አያቶቹ ብቻ ይሁኑ፤ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይመርቅ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለ ዘመድ ካለ ከአሁኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ይመርመር። የቲቢው ክትባት ልጁን ከከባዱ ዓይነት ይከላከልለታል እንጂ አጠገቡ ከሚስል ቲቢ ጋር አብረህ ኑር የሚል ፈቃድ አይደለም።

«አትሳሙት» ማለት ላንቺ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ምራት ነሽ፣ አራስ ነሽ፣ እንግዳው የባልሽ ዘመድ ነው። ሥራውን ለአማትሽ ስጪ። እንገሩን የደፉት ጠልተውት አይደለም፤ እናታቸውም እንደዚያ አድርገው ነው ያሳደጓቸው። ስለ ጥጃው አጫውቻቸው፣ የሕፃኑ እግር መቀዝቀዙን በመንካት ማወቅንና ትንፋሹን መቁጠርን አሳዪያቸው፣ ከዚያ መኝታ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጪላቸው፤ ማስታጠቢያውንና ሳሙናውንም አጠገባቸው። አገራችን ውስጥ እጁን ታጠብ ተብሎ የተቀየመ እንግዳ አላውቅም፤ አያትየው «ልጄን ገና ነው፣ ከሩቅ መርቁልኝ» ቢሉም ማን ይቃወማቸዋል?

ክርስትናው እሑድ ከዋለ 45ኛው ቀን ዓርብ ላይ ይውላል። ከድግሱ ማግስት ዕቃ ስትመልሱና ድንኳን ስታፈርሱ እንዳይረሳ የክትባት ካርዱን አሁኑኑ ከቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው።